ስለ ሐርቢን ከተማ ሰምና ወርቅ

በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በሱንጋሪ ወንዝ ዳር ያለችውን የሐርቢንን ከተማ የቈረቈራት ንጉሥም ገበያም አይደለም፤ የባቡር ሐዲድ ነው። የመስኮብ መንግሥት በ1896 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ቍጥር ነው) ሐዲዱን በማንቹርያ ምድር ለማሳለፍ ከቻይና ጋር ተዋዋለ፤ በ1898ም መሐንዲሶቹ በዚያ ሰፈሩ። ከዚያ በኋላ የስንዴው ወፍጮ፥ የአኩሪ አተሩ ዘይት መጭመቂያ፥ የቢራው ፋብሪካ ተከታትለው ቆሙ። መሬቱ የቻይና ነበረ፤ አዛዡ ግን የባቡሩ ኩባንያ ነው።

መስኮቦች አገራቸውን ቢለቁ ሃይማኖታቸውን አልለቀቁምና የቅዱስ ኒቆላዎስን ቤተ ክርስቲያን በእንጨት ሠሩ። ከ1917 አብዮት ወዲህም ብዙ ሺህ ስደተኛ ወደዚያ ጐረፈ። በጡብ የተሠራችው ቅድስት ሶፍያ በ1923 ተጀምራ በ1932 ተፈጸመች። በተፈጸመችበት ዓመት ግን ከተማዪቱ ጌታ ለውጣ ነበር፤ በዓመቱ መጀመሪያ የጃፓን ጦር ገብቶባታል።

ጃፓን አገሩን ማንቹኩዎ ብላ ሰየመችው፤ ከዙፋኑ የወረደውንም የቻይና ንጉሥ ፑ ዪን አስቀመጠችበት። ሰሙ ፑ ዪ ነው፤ ወርቁ የጃፓን መኰንን ነው። የመንግሥታት ማኅበር መርማሪዎች ልኮ እውነቱን አወቀ፤ በ1933ም ማንቹኩዎን እንዳይቀበሉ ወሰነ። ጃፓን ከማኅበሩ ወጣች፤ ማንቹርያን ግን አልለቀቀችም። በ1935 ኢትዮጵያ ወደዚያው ሸንጎ ስትጮኽ ሸንጎው ይህን ልማድ ይዞ ቈየቻት።

ከሐርቢን በስተ ደቡብ ፒንግፋንግ በሚባል ስፍራ የጃፓን ጦር ገበሬውን አስነሥቶ ትልቅ ግቢ አጠረ። አለቃው ሺሮ ኢሺ የሚባል ሐኪም የጦር መኰንን ነበረ። የግቢው ስም በመጽሐፍ «የወረርሽኝ መከላከያና የውኃ ማጣሪያ ክፍል» ነው፤ በአካባቢው ግን የእንጨት መሰንጠቂያ ነው ተብሎ ተወራ። በውስጡ የቻይና፥ የመስኮብ፥ የኮርያና የሞንጎልያ እስረኞች ቸነፈርና አባ ሠንጋ ይወጉ ነበር፤ እጅና እግራቸው በብርድ ይደርቅ ነበር፤ በሕይወት ሳሉም ሆዳቸው ይቀደድ ነበር። በዚያ የሞተው ቢያንስ 3000 ሰው ነው ይባላል። እስረኛው «ማሩታ» ይባላል፤ በጃፓን ቋንቋ ግንድ ማለት ነው።

ባለ ቅኔ ሰሙን የሚያበጀው ሰሚው ወርቁን እንዲያገኝ ነው። የፒንግፋንግ ሰዎች ያበጁት ግን ወርቁን ማንም እንዳያገኘው ነው። ይልቁንም የሚያስደነግጠው፥ ሰሙ ለውጭ ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ምሥጢሩን የሚያውቁት ሐኪሞች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩም ግንድ ይሉ ነበር። በሰው ስም የተጠራውን በቢላዋ መቅደድ ይከብዳልና አስቀድመው ስሙን ገደሉት።

በ1945 በነሐሴ የሶቪየት ጦር ሲቃረብ የቀሩትን እስረኞች ፈጅተው ግቢውን በፈንጂ አፈረሱ። የእሳት ቤቱ ጢስ ማውጫ ግን ዛሬም ቆሞ ይታያል። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ በ1949 በካባሮቭስክ ተፈረደባቸው። ኢሺ ግን በሰው ሥቃይ የሰበሰበውን ዕውቀት ለአሜሪካኖች ሰጥቶ ከክስ ዳነ፤ በ1959 በቶክዮ በሕመም ሞተ።