አባይ በረሃ ላይ የነደደችው ቮልስ

ቮልሴ አባይ በረሃ ላይ በእሳት የተያያዘችው ኮምፒውተሩ ስለተሳሳተ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወሬውን የሰማ ሁሉ «አሮጌ መኪና ላይ ኮምፒውተር ከጫንክ መጨረሻው ይሄው ነው» ሲለኝ ስለከረመ ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ፣ አክስታችን ከኋላ ወንበር። ያየሁትን እናገራለሁ።

መኪናዋ ከአባቴ የቀረችኝ ናት፤ የ1972 እ.ኤ.አ. ስሪት፣ ባለ 1600 ሞተር። ካርቡራተሯን አውርደን በኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን የተካነው ለጌጥ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሯ ስስ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ለአዲስ አበባ ያስተካከሉት ካርቡራተር ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያጥረዋል፤ ለቆላ ያስተካከሉት ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። እንደ ቮልስ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ በሙቀት መሀል ቤንዚን ማጠር አደገኛ ነው፤ ፒስቶን እስከማቅለጥ ይደርሳል። ኢንጀክሽን ከሆነ አንዲት ትንሽ ሴንሰር ግፊቱን እየለካች ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፣ የሚረጨውን የቤንዚን መጠን እሱ ይወስናል። ነገሩ ለፋብሪካውም ባዕድ አልነበረም። ቮልስዋገን በ1967 እ.ኤ.አ. 1600 በተባለው መኪናው ላይ የቦሽን ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ገጥሟል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ የተሰራችው የመጨረሻዋ ቮልስም ባለ ኢንጀክሽን ነበረች።

እኛ የመረጥነው ስፒዱዊኖ የሚባለውን ኮምፒውተር ነው። ንድፉ ለማንም ክፍት ነው፣ አርዱዊኖ ሜጋ በተባለች ሰሌዳ ላይ ይሠራል፣ በላፕቶፕ እንደ ሞተሩ ጠባይ ይስተካከላል። ወንድሜ የኤሌክትሮኒክስ ሰው ነውና ሰሌዳውን ራሱ በየደው። ኢንጀክተሮቹን ከሶማሌ ተራ ያገለገሉ ገዛን። ፑሌጃው ላይ የ36 ጥርስ ቦታ ኖሮት አንዱ ጥርስ የጎደለ ክብ ብረት አሰርን፤ ሴንሰሩ ያቺን ጎዶሎ እየጠበቀ ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። የቤንዚን መስመሩንና የፓምፑን ሽቦ ግን ለአንድ ጋራዥ ሰጠን።

የእሳቱ ምክንያት ያለው እዚህ ነው። የቮልስ ካርቡራተር ቤንዚን የሚደርሰው በሩብ ባር ገደማ ግፊት ነው። ኢንጀክሽን 3 ባር ይፈልጋል፤ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ። ለካርቡራተር የተሠራ ጎማ ቱቦ በሩብ ባር ለዓመታት ያገለግላል፣ በ3 ባር ግን ቀኑን ነው የሚጠብቀው። የእኛ ቱቦ «የኢንጀክሽን ነው» ተብሎ የተሸጠ ነበር። እውነተኛው የኢንጀክሽን ቱቦ ላይ ደረጃው ይታተማል፤ ኤስኤኢ 30 አር 9 የሚለው አንዱ ነው። ከእሳቱ የተረፈውን ቁራጭ ጠርጌ አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ አንድም ፊደል የለበትም።

ከቱቦው የባሰው ሽቦው ነበር። የኢንጀክሽን ፓምፕ ኃይል የሚያገኘው በሪሌ በኩል ሲሆን ሪሌውን የሚያዘው ኮምፒውተሩ መሆን አለበት። ሞተሩ መዞሩን ካቆመ፣ ቁልፉ ባይዘጋም፣ ኮምፒውተሩ በሰከንዶች ውስጥ ፓምፑን ያጠፋል። ጋራዡ ሪሌውን ከኮምፒውተሩ ለይቶ በቀጥታ ከቁልፉ ጋር አገናኝቶታል። ለምን እንደሆነ በኋላ ስጠይቅ «ሲነሳ እንዳያስቸግር ብለን ነው» አሉኝ።

ወደ ደብረ ማርቆስ የምንሄደው ለተዝካር ነበር። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ወንድሜ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጥሩን ያነብልኛል። ላይ 75 ኪሎፓስካል የነበረው የአየር ግፊት ህዳሴ ድልድይ ስንደርስ 89 ገባ፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን እየጨመረ ሞተሩ አንዴም ሳይደነቃቀፍ ወረድን። አባቴ በዚህ መንገድ በካርቡራተር ሲመላለስ ድልድዩ ጋ ቆሞ ሞተር ያበርድ እንደነበር ስለማውቅ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት ተያያዝነው። በሁለተኛ ማርሽ ነው የምንወጣው፤ ከአስፋልቱ የሚነሳው ወላፈን በመስኮት ይገባል። ወንድሜ ድንገት «ቤንዚን እያጠረው ነው» አለ። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ሞተሩ ጠፋ። ፍሬን ያዝኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ። የቮልስ ፍሬን ከሞተሩ እገዛ አይፈልግም፤ ሞተር ሲጠፋ አይደነድንም። እንዲያ ባይሆን ኖሮ ያን ቀን ወደ ገደሉ ነበርን።

«ልጆች፣ ቤንዚን ሸተተኝ» አሉ አክስታችን።

ቀና ብዬ በመስታወት ሳይ የኋላው መስኮት ቀልቷል። ቁልፉን ዘጋሁ። ወንድሜ ዘሎ ወርዶ የፊት ወንበሩን አጠፈ፤ ቮልስ ያላት ሁለት በር ነው፣ ከኋላ ያለ ሰው የሚወጣው በዚያ ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። የአክስታችን ነጠላ ጥለቱ ወንበሩ በሚንሸራተትበት ሀዲድ ተያዘ። «ይተዉት እትዬ! ነጠላውን ይተዉት!» እያለ ወንድሜ ይጮኻል፤ እሳቸው በድንጋጤ ይበልጥ ወደ ራሳቸው ይስቡታል። ከጀርባቸው ካለው የሞተር ግድግዳ የጎማና የቀለም ጭስ መግባት ጀምሯል። እኔ በሾፌሩ በር በኩል እጄን ሰድጄ ጥለቱን ቀደድኩት። ያ የመቀደድ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወንድሜ ብብታቸው ሥር ይዞ አወጣቸው።

ከኋላችን ጭነት የያዘ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ረዳቱ ሮጦ መጥቶ መጀመሪያ ያደረገው የፊት ጎማችን ሥር ድንጋይ መወተፍ ነው። መኪናዋ ብትንሸራተት እየነደደች የምትሄደው ወደ እነሱ ነው፤ እሱ ግን ሸሽቶ አልሄደም። ሾፌሩ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ፤ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይዘው ወረዱ። የኋላውን ኮፈን ልከፍት እጄን ሰደድኩ።

«ተው ወንድሜ! አየር ልታበላው ነው!»

የእኔዋ ኮፈን ላይ ሞተሩ የሚተነፍስባቸው ክፍት ሽንትሮች አሉ። ሰውዬው የማጥፊያውን አፍ እዚያ ላይ ደቅነው ዱቄቱን ለቀቁት። በመሀል አንድ ጎረምሳ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ ሊደፋ ደረሰ፤ ያዝኩት። ቤንዚን በውሃ ላይ ተንሳፍፎ ይስፋፋል፤ የቮልስ ሞተር ቤት ደግሞ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ልጁን አፈር በል አልነው። በአስፋልቱ ላይ ቁልቁል የሚፈሰውን እሳት እሱና ረዳቱ በአፈር ቀበሩት።

ኮፈኑን የነካሁበት መዳፌ ተላጠ። ከዚህ ሌላ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ሾፌሩ አክስታችንን ጋቢና አስገብተው ደጀን ድረስ ወሰዷቸው፤ ለማጥፊያው መተኪያ ልከፍላቸው ብል በጄ አላሉም።

ላፕቶፑን ወንድሜ ከአክስታችን ጋር አብሮ አውጥቶት ነበር። ማታ ከፍተን የጉዞውን መዝገብ አየነው። መጀመሪያ ቤንዚን ይቀንሳል፤ ቱቦው የተቀደደው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ የሞተሩ ዙር ዜሮ ይገባል። ከዚያ በታች ባለው መስመር ኮምፒውተሩ ፓምፑን «አጥፋ» ብሎ አዟል። ትዕዛዙን ተቀብሎ የሚያደርስ ሽቦ ግን አልነበረም። እንዲህ ያለ ፓምፕ በደቂቃ ሁለት ሊትር ያህል ይገፋል፤ ቁልፉን እስክዘጋ ድረስ ይህን ሁሉ የጋለ ማርሚታና ብልጭታ የሚተፋ ዲናሞ ላይ ሲረጭ ነበር።

ቱቦውንና ሽቦውን ይዤ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ልጣላ አልነበረም የሄድኩት፤ በተመሳሳይ መንገድ ስንት መኪና እንደሠሩ ልጠይቅ ነው። ኃላፊው መዝገቡን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እዚያው ስልክ አንስቶ ሁለት ደንበኞቹን ጠራ፤ የአንዲት ፊያት 124 እና የአንዲት ቮልስ ባለቤቶችን። በዚያው ሳምንት ፓምፖቻቸው ከኮምፒውተሩ ጋር ተያያዙ፣ ቱቦዎቻቸውም ተቀየሩ። የፊያቷ ቱቦ ሲወርድ አጠገቡ ነበርኩ። የቱቦው ጫፍ በማሰሪያው በኩል ተሰንጥቆ ቤንዚን ማላብ ጀምሯል። የፊያቷ ባለቤት በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተውና ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በዚህች መኪና እንደሆነ ነገረን።