የሐረር ናና

ወደ ሐረር ለሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ስለ ጅቡና ስለ ግንቡ ነው። እኔ ጁገልን የማስታውሰው በናና ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ከብዙ ዓመታት በኋላ በሸዋ በር ገባሁ። ጠባቡን መንገድ ተከትዬ ከቀድሞ ጎረቤቴ ግቢ ስደርስ፣ ከቧንቧው ሥር ባለው እርጥብ ጥግ ናናው እንደ ድሮው ተንሰራፍቶ አገኘሁት።

ናና ውኃ ወዳድ ነው፤ የዱር ዘመዶቹም በወንዝ ዳርና በረግረግ ይበቅላሉ። ግንዱን በጣትዎ ቢዳስሱት አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ። ከመሬት በታች እየተሳበ አዲስ ቡቃያ ስለሚያወጣ አንዴ ከያዘ አይለቅም። በሶብላ፣ ጦስኝና ዳማከሴ ዘመዶቹ ናቸው። ሽታው በቅጠሉ ላይ ካሉ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ስለሚመጣ ሲታሽ ይበረታል።

እናቶች ናናን በሻይ አፍልተው ለሆድ መነፋት፣ ለቁርጠትና ለማቅለሽለሽ ይሰጣሉ። እኔም እጠጣዋለሁ።

አንድ ሌሊት ግን አልረሳም። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ጀማሪ ነርስ ሳለሁ፣ አንዲት አያት ተቅማጥ የያዘውን የልጅ ልጃቸውን አቅፈው መጡ። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም።

«ልጄ፣ ናና ሰጥቼዋለሁ እኮ» አሉኝ።

«ስንት ስንት ጊዜ፣ እማማ?»

«ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ። ውኃማ ተቅማጡን ያብሳል ብዬ ከለከልኩት።»

ናናው አልጎዳውም፤ የጎዳው የውኃ እጦት ነበር። ኦአርኤስ በማንኪያ ስናጠጣው አደርን። ጎህ ሲቀድ ሽንቱ የአያቱን ቀሚስ አራሰው፤ እሳቸውም እልል አሉ።

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ጡትም ሆነ ምግብ አይቋረጥበት። ኦአርኤሱን በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ንጹሕ ውኃ መጠን በጥብጠው ቶሎ ቶሎ ይስጡት፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉ። መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለው ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ። ናናንም ፍሳሽ ከሚወርድበት ቦታ አይቁረጡ፤ የናና ዘይት በሕፃን አፍንጫ አይቀቡ፣ ትንፋሽ ሊያውክ ይችላል።

ጎረቤቴ ስትሸኘኝ አንድ እፍኝ ናና ቆርጣ ሰጠችኝ። አዲስ አበባ ስደርስ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አኖርኩት፤ ሥር ሲያወጣ በጣሳ ተከልኩት። የልጅ ልጆቼ ቅጠሉን እያሹ ያሸታሉ። ኦአርኤሱም ከጓዳዬ አይጠፋም።