ላፍቶና የግራሩ ዘር

ከሳር ቤት ቁልቁል ወደ መካኒሳ በሚኒባስ ወርዳችሁ ታውቁ ይሆናል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «መካኒሳ! ላፍቶ!» እያለ ሲጣራ፣ የሁለት ዛፎችን ስም እየጠራ መሆኑን አስተውላችኋል? በኦሮምኛ መካኒሳ ብሳና፣ ላፍቶ ደግሞ ግራር ማለት ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ዛሬ የኮንዶሚኒየም፣ የጋራዥና የመጋዘን ሰፈር ነው። እነዚህ ሰፈሮች ስማቸውን ሲያገኙ ግን አስፋልትም ፎቅም አልነበረም፤ የቦታው ምልክት ዛፍ ነበር።

እስቲ በዚህ ሰፈር አብረን እንመላለስ። በመጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው በግራር ላይ ሳይሆን በባሕር ዛፍ ላይ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቆርጦ የሕንፃ ርብራብ ይሆናል። ለከተማችን ማገዶና ቤት ሰጥቷልና አንነቅፈውም። ችግሩ፣ የመንፈሳዊው ሕይወት ዕድገትም እንደ ባሕር ዛፍ እንዲሆንልን መፈለጋችን ነው። ትናንት ያመነ ሰው ዛሬ መሪ እንዲሆን እንሻለን። ለዓመታት የጸለይንለት ልጅ ካልተመለሰ ደግሞ የዘራነው ዘር የሞተ ይመስለናል።

የግራርን ዘር ተመልከቱ። ልባሱ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። አፈር ውስጥ ተቀብሮ፣ ዝናብ እየዘነበበት እንኳ ሳይበቅል ረዥም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። በችግኝ ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ከመዝራታቸው በፊት ልባሱን ጫር ጫር ያደርጉታል፤ ወይም በፈላ ውሃ ይዘፈዝፉታል። ልብ በሉ፤ ያልበቀለ ሁሉ የሞተ አይደለም። ያ አስቸጋሪ ልባስ ራሱ በውስጡ ያለውን ሕይወት ጊዜው እስኪደርስ ይጠብቀዋል። ጌታ ኢየሱስም ዘር ዘርቶ ስለሚተኛና ስለሚነሣ ሰው ሲናገር፣ ዘሩ የሚያድገው ሰውየው እንዴት እንደሆነ ሳያውቅ ነው ብሏል (ማር. 4፡26-29)።

የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ይህን በሕይወቷ አይታዋለች። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሕንፃዎቿ ተወረሱ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። ምእመናን ግን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መጸለይና ቃሉን ማጥናት ቀጠሉ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። በውጭ ለሚያይ ሰው ግን እነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የተቆለፈ በር ብቻ ነበሩ።

ምናልባት ይህን የምታነብ አንዲት እናት ትኖር ይሆናል። ልጇ በሰንበት ትምህርት ቤት አድጎ፣ ዛሬ እሑድ ጠዋት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛ ነው። እህቴ ሆይ፣ የልጅሽ ልብ የሚከፈትበትን ቀን ልነግርሽ አልችልም፤ አላውቀውምና። ይህን ግን እላለሁ፦ በየዕለቱ አፈሩን እየቆፈረ «በቅሏል ወይ?» የሚል ሰው ያቆጠቆጠውን ሥር ይበጥሳል። በየእሑዱ በሩን እየደበደብን «ዛሬም አትነሣም?» ስንል እንዲሁ እያደረግን ይሆናል። የፈላውን ውሃም እኛ አናፍላ፤ ጊዜውንና ልኩን የሚያውቅ ገበሬ አለ።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አይደለም። ጳውሎስ ተከለ፤ አጵሎስም አጠጣ፤ የሚያሳድግ ግን እግዚአብሔር ነው (1ቆሮ. 3፡6-7)። ማጠጣት የእኛ ድርሻ ነው። ማዕዱን እንዘርጋለት፤ በፍቅር እናናግረው፤ በቤታችን ያለው የእምነት ሕይወት ከአንደበታችን ይልቅ ይናገር። ስለ ራሳችሁ ዕድገት ተስፋ የቆረጣችሁም፣ ዛሬ ቁጣችሁን ስታምኑት በነበረው ጌታ ፊት እንደገና አቅርቡት፤ እርሱ አልሰለቸም።

ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ረዳቱ «ላፍቶ! ላፍቶ!» ሲል ስትሰሙ ያንን ጠንካራ ዘር አስታውሱ። ከዚያም ታክሲው እስኪደርስ ድረስ የምትጠብቁትን ሰው ስም በልባችሁ በጌታ ፊት ጥሩ። እርሱ ትዕግሥቱን ይስጠን። አሜን።