ካርዱና መጋዘኑ

በየመሥሪያ ቤቱ ገንዘቡ፥ ንብረቱ፥ ግዥውና ደመወዙ በየክፍሉ በልዩ ልዩ መዝገብ ሲጻፍ ኖሯል። ይህን ሁሉ በአንድ የኮምፒዩተር መዝገብ የሚያያይዘው፥ ኢ.አር.ፒ. የተባለው ሥርዓት ወደ መሥሪያ ቤታችን በመጣ ጊዜ፥ እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች እጅግ ደስ አለን። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፥ ሲወጣ ሞዴል 22 እየቆረጡ በየወሩ ከግምጃ ቤቱ ካርድ ጋር ማስታረቅ ምን ያህል እንደሚያደክም የሠራበት ያውቀዋልና።

ዳሩ ግን ኮምፒዩተር የሚያምነው የጻፉለትን ብቻ ነው። የመነሻው ቁጥር ይግባ በተባለ ጊዜ ባለሙያው ወጣት፥ «ጋሼ፥ ካርዱ ላይ ያለውን ብቻ ይንገሩኝ» ቢላቸው፥ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፥ «ልጄ፥ በካርዱ ያለው 40 ጎማ ነው፤ በመደርደሪያው ያለው 31 ነው። 40 ብዬ ባስጽፍ መኪናህ ሐሰት ይናገራል፤ 31 ብዬ ባስጽፍ 9ኙን ከደመወዜ ትቆርጣላችሁ» ብለው መለሱለት። ጎማዎቹ በአለቆች የቃል ትእዛዝ ለአስቸኳይ ጉዞ እንደ ወጡ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ወረቀት ግን አልነበረም። በእኛ አስተያየት ሥራው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ጥያቄ ላይ ነበር።

ደግነቱ የበላዮቻችን ሦስት ሳምንት የቆጠራ ጊዜ ፈቀዱ፤ የቆየው ልዩነትም በኮሚቴ ተጣርቶ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ወሰኑ። ይህ እንደ ተሰማ ከየመጋዘኑ ያልታሰበ ደብተር ይወጣ ጀመር፤ እውነተኛው ቁጥር ተደብቆ የኖረው በዚያ ነበርና።

ከዚህ በኋላ የመጣው ችግር ችኮላ ነው። ግዥ ሁሉ በሚጣደፍበት በሰኔ ይጀመር የሚሉ ነበሩ። የአሜሪካው ቸኮላት ሠሪ ኸርሺ 48 ወር ይፈጃል የተባለውን ሥራ በ30 ወር ለመጨረስ ተጣድፎ፥ እ.ኤ.አ. በ1999 ከሃሎዊን በዓል ገበያ በፊት በጁላይ ቢያስጀምር፥ ዕቃው በመጋዘን ሞልቶ ሳለ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ ትእዛዝ ሳያደርስ ቀረ። የጀርመኑ ሊድል ደግሞ ዕቃን በመግዣ ዋጋ የመመዝገብ ልማዱን አልለቅም ብሎ፥ በመሸጫ ዋጋ የሚሠራውን ፕሮግራም ብዙ ካስለወጠ በኋላ፥ እንደ ተዘገበው 500 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ፈስሶበት በ2018 ሥራውን ተወው። እኛም ዘንድ ሰባት ፊርማ ካልታተመበት አንቀበልም ያሉ ሹማምንት እንደ ነበሩ ሳንጠቅስ አናልፍም!

አሁን ካርዱና ኮምፒዩተሩ ጎን ለጎን ሲሄዱ ሦስተኛ ወር ነው። ካርዱ ይቅር የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን የበጀት ዓመቱ እስኪዘጋ ይቆይ ባዮች ነን።