ግቢው ከመሸጡ በፊት

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ደውሎ «አሞራ ገደል አካባቢ አሮጌ ቤት ልግዛ ወይስ ወደ ዳቶ ወጣ ብዬ አዲስ ቤት?» ብሎ ጠየቀኝ። በስልክ የመለስኩለት አጭር ነበር። ግን ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም፤ ሐዋሳ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሁሉ የሚያነሳው፣ የሚሸጠውንም የሚመለከት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

አሞራ ገደልን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በዓሣው ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲደርሱ መረቡ ይራገፋል፣ ቆሮሶው ለብቻ አምባዛው ለብቻ ይለያል፣ ልጆቹ እጃቸውን እንኳ ሳያዩ ቆዳውን ገፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ያወጣሉ። አባ ኮዳዎቹ አንጀቱ እስኪጣልላቸው አጠገባቸው ቆመው ይጠብቃሉ። እንግዳ ሾርባውን ጠጥቶ፣ ጥሬውን በዳጣ ቀምሶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ከዚያ ጀርባ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚሸኝ፣ ማታ ዕድር የሚሰበሰብ ሰፈር እንዳለ ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ሐዋሳ ዕድሜዋ ገና ነው። አዳሬ በሚባለው ስፍራ፣ የሲዳማ ሰዎች ከብት ሲያሰማሩበትና ሲያርሱት በኖሩት መሬት ላይ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን ሲያስተዳድሩ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቀጥ ያሉት ሰፋፊ መንገዶቿ የዚያ ዘመን ፕላን ውጤት ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ መካከል ቦታ የተሰጣቸው ጡረተኛ ወታደሮች ነበሩ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠውንም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ገደበ። ዛሬ በአሮጌዎቹ ሰፈሮች የምናያቸው የጭቃ ቤቶች፣ አቮካዶና ፓፓያ የበቀለባቸው ግቢዎች ከዚያ ሁሉ የተረፉ ናቸው። አሁን እየተሸጡ ያሉትም እነሱ ናቸው።

አሻሻጡን ቀረብ ብዬ አይቻለሁ። ጎረቤታችን የነበሩ እናት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በግቢው ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች በሚገኘው ኪራይ ይተዳደሩ ነበር። በ2008 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ክፍል ሲፈልጉ፣ ሦስትና አራት እየሆኑ ተከራይተዋቸው ነበር። ተከራዮቹ እማማ ይሏቸዋል፤ ሲያማቸው ሾርባ የሚሠሩላቸው እሳቸው ነበሩ። የውርስ ጉዳይ ሲነሳ የራሳቸው ልጆች ተሰበሰቡ። አንዱ ውጭ አገር ነው፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ ሁለቱ እዚሁ። ግቢው ለአራት አይከፈልም። ገና ስብሰባው ሳያልቅ ደላላው ከበሩ እስከ ጓሮው አጥር በእርምጃ እየለካ ነበር።

ተሸጠ። እማማ ከትንሹ ልጃቸው ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ወደተገዛ አዲስ ቤት ሄዱ። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ሴራሚክ የተነጠፈ፣ ሮቶ ያለው፣ ብረት በር የተገጠመለት። ዕድራቸውን ግን አልቀየሩም። የሰፈር ሰው ሲሞት ባጃጅ ተኮናትረው ለቅሶ ይመጣሉ፣ ሳይመሽ ለመመለስ ይቸኩላሉ። ዝናብ ሲጥል ባጃጁ እስከ በሩ አልገባም ስለሚል ከአስፋልቱ ወርደው በጭቃው ይሄዳሉ። ኪራዩም የለም፤ ገንዘቡ ተከፋፍሎ የእሳቸው ድርሻ አዲሱ ቤት ውስጥ ገብቷል። በየወሩ የልጃቸውን እጅ ያያሉ። በገዛ ቤታቸው አከራይ የነበሩ ሴት አሁን የሰው ጥገኛ ሆኑ ማለት ነው። ይህን ማንም አስቦ አላደረገውም፤ ልጆቹ እናታቸውን ይወዳሉ። ሒሳቡ ሲሠራ የተቆጠረው ካሬው ብቻ ስለሆነ ነው።

ወዳጄ፣ በስልክ በደንብ ያላስረዳሁህ ይህንን ነው። በእኛ አገር ሕግ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ውሉ ላይ የሚጻፈው ቤት ነው። ግን ግድግዳው የተሰነጠቀ የጭቃ ቤት ያን ያህል ሚሊዮን የሚያወጣው ለጭቃው አይደለም፤ ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ፣ መንገዱና መብራቱ ስላለ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ሲደርስ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ በእግር ስለሚኬድ ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ደግሞ ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። ወራሽ ከያዘው አንድ ነገር ነው፣ አንተ ስትገዛው ሌላ ነገር ይሆናል። ከመግዛትህ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደህ ካርታውን፣ ዕዳና እገዳውን፣ የሊዙን ነገር ራስህ አጣራ። በደላላ ቃል አትሂድ።

ወጣ ወዳለው ሰፈር ከሄድክ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እዚያ ያለው መሬት ትናንት የእንሰት ጓሮ ነበር። ዛሬም ከገበሬው ላይ በመንደር ውል፣ በሦስት ምስክርና በጣት አሻራ የሚገዛ ሰው አለ። ይህን በፍጹም አታድርግ። ገበሬው መሬቱን የመሸጥ መብት ሕጉ አልሰጠውም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውልም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። ከዚህ ውጪ የተሠራ ቤት አንድ ቀን ሊፈርስ ቀይ ቀለም ይቀባበታል። የሚያሳዝነኝ ግን የገዢው ብቻ አይደለም። ገበሬው የወሰዳት ብር ታልቃለች፣ እንሰቱ አይመለስም፣ ልጆቹ በአባታቸው ጓሮ ላይ በተሠራ ግንብ ዘበኛ ይሆናሉ። በሕጋዊ መንገድ የተከለለ ቦታም ቢሆን ማን እንደተነሳለት ጠይቅ። ጎረቤትህ የሚሆነው እሱ ነው፤ ካንተ ቀድሞ የነበረ ሰው እንደሆነ ዐውቀህ ብትገባ የሰፈሩ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ይለያል።

የውሃውንም ነገር አደራ። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የጥቁር ውሃ ወንዝና ከዙሪያው የሚወርደው ጎርፍ ይገቡበታል፣ የሚቀንሰው ፀሐይ ነው። ማታ ማታ የምንንሸራሸርበት ፍቅር ሐይቅ ያለው ግድብ የተሠራው ውሃው ወደ ከተማው እንዳይመጣ ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዳር የሚቀርብልህን ቦታ በጥር አይተህ አትወስን። ወጣ ያለውም ሰፈር ቢሆን ጎርፉ የት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቁት ነባሮቹ ናቸው፤ በየአጥሩ ሥር ያለውን የውሃ መስመር ምልክት ያሳዩሃል። እኔ ብሆን የምገዛበት ሰፈር አንድ ክረምት ተከራይቼ እኖራለሁ። የኪራዩ ወጪ ይቆጫል፣ ግን ሐምሌ ላይ ቧንቧው ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ልጅ ታሞ ሌሊት ባጃጅ ይገኝ እንደሆነ፣ ዕድሩ አዲስ ሰው ይቀበል እንደሆነ የሚነግርህ ሌላ ነገር የለም።

አሁን የማወራው ለወራሾች ነው። እናት ወይም አባታችሁ በሕይወት እያሉ ግቢውን የምትሸጡ ከሆነ፣ ደላላ ከመግባቱ በፊት እናንተ ብቻ ተቀመጡ። ካሬውን ብቻ አትቁጠሩ። በየወሩ የሚገባውን ኪራይ ቁጠሩ፣ ዕድሩን ቁጠሩ፣ ሐኪም ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ቁጠሩ። አንዱ ወንድም የሌሎቹን ድርሻ በየዓመቱ እየከፈለ ግቢውን ያስቀረባቸውን ቤተሰቦች ዐውቃለሁ። ተባብረው ጂ ፕላስ ሁለት ሠርተው ምድር ቤቱን ለእናታቸው የተዉም አሉ። ቀላል አልነበረም፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ሚስቶችና ባሎች ተኮራርፈው፣ ተጽፎ ተፈርሞ ነው የሆነው። ውጭ ያለው ወንድም ገንዘቡን ዛሬ የሚፈልገው ለምን እንደሆነ በግልጽ ሲናገር ብዙው ነገር ይለዝባል።

ወዳጄ፣ የቀረበልህ የአሞራ ገደሉ ግቢ ባሏ የሞተባት እናት እስከ ዛሬ የምትኖርበት ከሆነ ሄደህ አነጋግራት። ወዴት ልትሄድ እንደሆነ ጠይቃት። ልጆቿ ሳይግባቡ ከሆነ የሚሸጡት፣ ተግባብተው እስኪጨርሱ ቆይ፤ አለዚያ አንተም ክስ ነው የምትገዛው። በእናንተ ቤተሰብ ግቢው ሳይሸጥ እንዴት እንዳስቀራችሁት የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ከታች ጻፉልን፤ ውሉን እንዴት እንዳዘጋጃችሁ፣ ድርሻውን በስንት ዓመት ከፍላችሁ እንደጨረሳችሁ። በዚህ ሳምንት ይህንኑ ለመወሰን የሚሰበሰብ ቤተሰብ እንዳለ ስለማውቅ ነው።