12 ቮልት አለ፤ ጉልበት ግን የለም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ መኪና ነው። «የመስጂድ ሰው ስለ መኪና ምን ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ አናውቅም ነበር። ያለማወቃችን ገንዘብ አስከፍሎናል፤ ከገንዘቡም በላይ አንድ ወንድማችንን አስቀይሞብናል። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብለን ነው የምንጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ሦስት ሆነን ዕቁብ ጥለን፣ ዕቁቡ ሲደርሰን አንድ ያገለገለች ኮሮላ ገዛን። አንዳችን የኢማሙ ረዳት፣ አንዳችን ልብስ ሰፊ፣ ሦስተኛው ወንድማችን ደግሞ ሾፌር ነው። እሱ ይነዳል፣ ገቢው ለሦስት ይከፈላል። እዚህ ላይ «እኛ» ስንል የማንነዳውን ሁለታችንን ማለታችን ነው። ጥፋቱም የሁለታችን ነው።

መኪናዋ አንድ ዓመት ያህል አልሐምዱሊላህ ደህና ሠራች። ከዚያ አንድ ቀን ዳሽቦርዷ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ሾፌራችን ነዳጅ ቢረግጥ ቢረግጥ ሞተሩ አልሰማ አለው። አልጠፋችም፣ ግን እንደ ታመመ በሬ እየተጎተተች ነው የምትሄደው። አጥፍቶ ሲያስነሳት ተመለሰች። ከሦስት ቀን በኋላ ደገማት።

ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ስካነር ሰካና ፒ 2118 የሚል ኮድ አነበበ። «የትሮትል ሞተር ነው፤ ትሮትል ቦዲው ይቀየር» አለ። ያገለገለ ዕቃ ተፈልጎ በ18 ሺህ ብር ተገዛ፣ ተገጠመ፣ ኮዱም ተሰረዘ። ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። እኛም ተገላገልን ብለን አላህን አመሰገንን።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች። አንዲት የጎረቤት እናት በሌሊት ታመው ወደ ደሴ ሆስፒታል መወሰድ ነበረባቸው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዳገቱ መሀል ላይ መኪናዋ ጉልበቷን ጣለች። ሾፌራችን ዳር ይዞ፣ መብራት እያበራ፣ በስተመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና አስቁሞ እናታችንን በእሱ አሳፈራቸው። አልሐምዱሊላህ ደርሰው ታከሙ፣ ዛሬ ደህና ናቸው። ግን ባይደርሱስ ኖሮ?

ጠዋት መካኒኩን ጠየቅነው። «ዕቃው ተቀይሯል፤ እንግዲህ ቤንዚኑን ጠይቁ» አለን። እኛም ወዲያው ወደ ሾፌራችን ዞርን። በዚያን ሰሞን ነዳጅ ጠፍቶ ሰው በሃይላንድ ጠርሙስ ከጥቁር ገበያ ይገዛ ነበር። «ርካሽ የተቀላቀለ ቤንዚን ቀድተህ ልዩነቱን ኪስህ ከተሃል» አልነው። ይህንን ያልነው ከአስር ሶላት በኋላ፣ መስጂድ በር ላይ፣ ሰው እየሰማ ነው። «ወላሂ ከማደያ ነው የቀዳሁት» አለ። አላመንነውም። ቁልፉን እጃችን ላይ አስቀምጦ ሄደ።

መኪናዋ አሥራ ሁለት ቀን ቆመች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከኢሻ በኋላ፣ ሰፈራችን ውስጥ ያደገ፣ ቴክኒክና ሙያ ተምሮ በመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ አገኘን። ታሪኩን ስንነግረው አንድ ነገር ጠየቀ፦ «ሐረጎ ላይ ስትቆም የወጣው ኮድ የትኛው ነው?» ያው ፒ 2118 ነበር። «እንግዲያው ቤንዚኑን ተዉት» አለ። «በቶዮታ መኪና ይህ ኮድ የሚናገረው ለትሮትሉ ስለሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው። መጥፎ ቤንዚን ሞተር ያንተፋትፋል እንጂ የሽቦ ቮልቴጅ አይጥልም።»

እዚያ ላይ ነው አንገታችንን የደፋነው። በማግስቱ መኪናዋን እየፈተሸ ያስረዳንን እንደገባን እንንገራችሁ።

ድሮ የነዳጅ ፔዳልና ሞተሩ በካቦ የተያያዙ ነበሩ። ስትረግጥ ካቦው ይስባል፣ የአየር መግቢያው ክዳን ይከፈታል። በአዲሶቹ መኪኖች ካቦ የለም። ፔዳሉ ላይ ሴንሰር አለ፤ ምን ያህል እንደረገጥክ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ትሮትል ቦዲው ላይ ያለችውን ትንሽ ሞተር አዞ ክዳኑን ያስከፍታል። ሴንሰሮቹ ፔዳሉም ላይ ትሮትሉም ላይ ሁለት ሁለት ናቸው። አንዱ ቢዋሽ ሌላው እንዲያጋልጠው ነው።

ያቺ ትንሽ ሞተር ክዳኑን ለማዞር ጉልበት ያለው ኤሌክትሪክ ትፈልጋለች። ስለዚህ በብዙ የቶዮታ መኪኖች ከባትሪ ተነስቶ፣ በራሱ ፊውዝ አልፎ፣ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባ የተለየ መስመር አላት። ቁልፉ ቢጠፋ እንኳ እዚያ መስመር ላይ የባትሪ ቮልቴጅ መኖር አለበት። የእኛዋ ፊውዝ ኮፈኑ ሥር ያለው ሳጥን ውስጥ ናት፤ 10 አምፔር ናት።

ኮምፒውተሩ ያንን መስመር ሁልጊዜ ይጠብቀዋል። ቮልቴጁ ከ4 ቮልት በታች ከወረደ ኮዱን ይመዘግብና ለትሮትል ሞተሩ የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ ያቋርጣል። ያኔ ስፕሪንግ ክዳኑን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍቶ ያስቀምጠዋል። ኮምፒውተሩም ነዳጁንና የሻማውን ሰዓት እየቆጠበ መኪናዋን በዝግታ ብቻ እንድትጓዝ ይፈቅድላታል። ሞተሩ ሳይታዘዝ ጉልበት እንዳያወጣ የተደረገ ጥበቃ ነው። ሐረጎ ላይ መኪናችን የተጎተተችው ለዚህ ነበር።

ልጁ መጀመሪያ ባትሪውን ለካ፤ 12.5 ቮልት። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀለ፣ ባትሪውን መልሶ አሰረና ያንን መስመር ሶኬቱ ላይ ለካው። 12.4 ቮልት። እኛ «ይኸው ኤሌክትሪክ አለ፤ ደህና ነው» አልን። ሳቀብን።

«ቴስተር ከሽቦው የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም» አለ። «ሽቦው ተበጣጥሶ በአንዲት ክር ቢቀር እንኳ ቴስተሩ 12 ይላችኋል። ሥራ ስትሰጡት ነው የሚታወቀው።» በስሌትም አሳየን። መስመሩ ላይ 2 ኦም የሚያህል መጥፎ ግንኙነት ቢኖርና ሞተሯ 4 አምፔር ብትፈልግ፣ 2 በ4 ሲባዛ 8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ12.5 ላይ የሚተርፈው 4.5 ብቻ ነው። ትንሽ ንዝረት ሲጨመር ከ4 በታች ይወርዳል። ቴስተሩ ግን ኤሌክትሪክ ስለማይስብ ምንም አይቀርበትም፤ ሙሉውን 12 ያሳያል።

ከዚያ አንድ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ሁለት ሽቦ አስሮበት አወጣ። አንዱን ሽቦ ከተነቀለው ሶኬት ላይ ከዚያ መስመር ጋር፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኘ። አምፖሉ በራ፣ ግን ደብዝዞ። ቴስተሩ 12.4 ያለው መስመር ወደ 9 ቮልት ወረደ። ኮፈኑ ሥር ያለውን የሽቦ እሽግ በእጁ ሲነቀንቀው አምፖሉ ጥፍት ብልጭ አለ።

የፊውዝ ሳጥኑን ከፈተ። ፊውዟን ነቀላት፤ አልተቃጠለችም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፊውዝ የሚቃጠለው ኤሌክትሪክ ከመጠን ሲበዛ ነው፤ የላላ ግንኙነት ግን ኤሌክትሪኩን ይቀንሰዋል እንጂ አያበዛውም። ስለዚህ «ፊውዙ ደህና ነው» ማለት «መስመሩ ደህና ነው» ማለት አይደለም። የፊውዟ አንድ እግር ላይ ግን ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ሽቦው የፊውዝ መያዣውን ብረት ከፍቶ አላልቶታል፤ ብረቱም ከሙቀት ብዛት ጠቁሯል።

«ይሄን ሽቦ ማን ጠመጠመው?» አለ።

እርስ በርስ ተያየን። ሽቦው የስልክ ቻርጀር ነው። መኪናዋን በገዛን በወሩ እኛው ነን ያስገባነው። ሾፌራችን ያኔ «ኤሌክትሪሺያን ጋ ወስደን በደንብ እናሠራው» ብሎን ነበር። «ለአንዲት ሽቦ ገንዘብ አናወጣም» ብለን ራሳችን ጠምጥመን ፊውዟን መልሰን ሰካናት። ትሮትል ቦዲው ሲቀየር ሁለት ሳምንት የሠራችው ባትሪ ሲፈታና ሽቦ ሲነካካ ግንኙነቱ ለጊዜው ስለተስተካከለ ነው። ዕቃው አልነበረም ችግሩ።

ልጁ የላላውን የመያዣ ብረት ቀየረ፣ አዲስ 10 አምፔር ፊውዝ ገጠመ፣ ቻርጀሩን በራሱ ፊውዝ ለብቻው አሠራው። አምፖሉን መልሶ ሲያገናኝ ቦግ ብሎ በራ። አምፖሉ እየበራ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሶኬቱ ያለውን ልዩነት ሲለካ 0.2 ቮልት ብቻ ሆነ። የኮምፒውተሩንም ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር፣ በዚያው መንገድ ፈተሸ፤ ደህና ነበር። የጠየቀን 900 ብር ነው።

መኪና ያላችሁ ወይም የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ እነዚህን ያዙልን፦

1. ኮድ የሚነግራችሁ የቱን መስመር እንደምትፈትሹ ነው፤ የቱን ዕቃ እንደምትገዙ አይደለም። ዕቃ ከመቀየሩ በፊት «የሚገባለት ኤሌክትሪክ ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

2. መስመሩ ሥራ ላይ እያለ ይለካ። ባዶውን የተለካ 12 ቮልት አያሳምናችሁ። አምፖል ግን ለኃይል መስመር ብቻ ነው። የሴንሰር ሽቦ ላይ ወይም ከኮምፒውተሩ ጋር በተሰካ ሶኬት ላይ አትሞክሩት፤ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

3. በፊውዝ እግር ላይ ሽቦ አትጠምጥሙ። በ10 አምፔር ቦታም 20 አትሰኩ፤ ያኔ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

4. መንገድ ላይ ጉልበት ከጠፋባችሁ ፔዳሉን ደጋግማችሁ አትርገጡ። ሁለቱንም ፍሬቻ አብርታችሁ ዳር ያዙ። አጥፍታችሁ ስታስነሱ ብትመለስም ድናለች ማለት አይደለም፤ ሰው ጭናችሁ ዳገት አትውጡ።

አሁን የቀረው ከባዱ ነበር። በዚያው ቀን ከመግሪብ በኋላ ወደ ወንድማችን ቤት ሄድን። እናቱ ቡና አቀረቡልን። እሱ ዝም አለ። የተጠመጠመውን ሽቦ ከኪሳችን አውጥተን ፊቱ አስቀመጥነው። አየው፣ አወቀው። «ገንዘቡ አይደለም» አለ ቆይቶ። «ወላሂ ብዬ አለማመናችሁ ነው። እሱንም ሰው ፊት።»

መልስ አልነበረንም። ሁለታችንም ቂርአት ቀርተን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሳያጣሩ ሰውን መወንጀል ምን እንደሆነ ለሌላው እናስተምር ነበር። ለአንዲት ፊውዝ አምፖል ይዞ የሚያጣራ ሰው ፈልገን አገኘን። ለወንድማችን ግን የማደያውን ደረሰኝ እንኳ አልጠየቅነውም። ደረሰኙ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነበር።

ሰው ፊት ያልነውን ሰው ፊት መመለስ ነበረብን። በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ፣ በዚያው በር ላይ፣ ጥፋቱ የእኛ እንደነበር፣ ወንድማችን አማናውን የጠበቀ እንደሆነ ለጀማዓው ተናገርን። የቆመበትን የአሥራ ሁለት ቀን ድርሻውንም ከእኛ ድርሻ ላይ ልንከፍለው ተስማማን። አልቀበልም ብሎ ነበር፤ እናቱ አስቀበሉልን።

መኪናዋ ዛሬም ሐረጎን ትወጣለች። ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ያቺን ሽቦ ልብስ ሰፊው ወንድማችን ከመቀሱ ጎን ሚስማር ላይ ሰቅሏታል።

ይህንን ለሾፌር ወንድሞቻችሁና አብራችሁ ለምትሠሩ ባልደረቦቻችሁ አድርሱልን።