ውሃ ሲመጣ ጀሪካን ይሙሉ

በረንዳዎ ላይ ያለው አበባ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው? እንደ እኔ ከሆኑ ጣሳ አንሥተው ወደ ውሃው ይሄዳሉ። እኔ እንዲህ እያደረግሁ በአንድ ክረምት ሦስት ተክል ጨርሻለሁ። ከሦስቱ አንዱ የእናቴ ጤና አዳም ነበር።

እናቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ ከጎንደር አዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች። ከሻንጣዋ ሌላ በአውቶቡስ እግሯ ሥር አድርጋ ያመጣችው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የተተከሉ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና አሪቲ። ጠዋት ቡና ስታፈላ ከጤና አዳሙ ጫፍ ቀንጠብ አድርጋ ሲኒዋ ውስጥ ትጨምራለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከጎንደር ቤቷ የቀራት ያ ነው።

እኛም እሷን ለማስደሰት ተረባረብን። እኔ ሥራ ከመሄዴ በፊት አጠጣለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታጠጣለች። ባለቤቴ ደግሞ የፈረቃችን ቀን ደርሶ ቧንቧው ውሃ ሲያወርድ “ዛሬ ውሃ አለ” እያለ እስኪጥለቀለቅ ይሞላዋል። እናቴ “ተዉት፣ አልጠማውም” ትለን ነበር፤ እኛ ግን ይሉኝታ መሰለን። እሷንም የያዝናት በዚሁ ዓይነት ነበር። ብቻዋን ገበያ እንዳትሄድ፣ ድስት እንዳታነሣ፣ ደረጃ እንዳትወርድ እንከለክላታለን።

ሐምሌ ላይ የጤና አዳሙ ግንድ ከሥሩ ጠቆረ፤ አፈሩም መሽተት ጀመረ። እናቴ ነቅላ ሥሩን አየችው። ቡናማና ልስልስ ሆኗል፤ በጣቷ ስትነካው ቆዳው ተገፎ ቀረ። ምንም ሳትናገር ጣለችው። ከዚያ በኋላ ቡናዋን ባዶውን ትጠጣ ጀመር። የጥብስ ቅጠሉና አሪቲውም ብዙ አልቆዩም።

ለመስቀል ጎንደር ስሄድ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። “ከአክስትሽ ግቢ ጤና አዳም ቁረጪልኝ። እንዴት እንደምታጠጣውም ጠይቂያት።”

ከፒያሳ ወረድ ብሎ

የአክስቴ ግቢ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ነው። በግድግዳው ጥግ የወተት ጣሳ፣ የዘይት ጀሪካንና አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ተደርድሯል። ሁሉም ውስጥ አንድ ነገር በቅሏል። በየቀኑ የምታጠጣቸው መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። በየቀኑ የምታደርገው መጠየቅ ነው።

ጠዋት እየዞረች ሌባ ጣቷን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ትከታለች። አፈሩ ጣቷ ላይ ከተጣበቀ ታልፈዋለች። ደርቆ ከረገፈ ታጠጣዋለች። ትንንሾቹን ጣሳዎች ደግሞ ብድግ እያደረገች ትመዝናለች፤ ከብዶ ከተነሣ ውሃ አለው፣ ቀልሎ ከተነሣ ተጠምቷል። ማጠጣት ያለበትን ስታጠጣ ግን አትሰስትም። በታች ባለው ቀዳዳ ፈስሶ እስኪወጣ ድረስ ታጠጣዋለች። ከዚያ በኋላ እስኪደርቅ አትነካውም።

በእኛ ቤት የሆነውን ስነግራት ሳቀች። “ውሃ ሲመጣ ጀሪካን ሙዪ እንጂ አበባ አታጠጪ” አለችኝ። “ውሃው የመጣው በሰፈርሽ ቀን ነው። አበባው የራሱ ቀን አለው።”

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ የሚኖር ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቧንቧው ሲንጎራጎር እጃችን ሥራ ይፈልጋል፤ በርሜሉ ሲሞላ የተረፈውን አበባው ላይ እናፈሳለን። የምናጠጣው ተክሉ ስለጠማው ሳይሆን ውሃ ስላገኘን ነው።

ተክሉ ለምን ይሞታል? ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ውሃም አየርም ይይዛል፤ ሥሩ ሁለቱንም ይፈልጋል። ክፍተቱ ሁልጊዜ በውሃ ከተሞላ አየር ያጣል፤ ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያም ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል፤ ቅጠሉ ልክ እንደተጠማ ይጠወልጋል። እኛም ጠውልጎ ስናየው ጨምረን እናጠጣዋለን። ወጥመዱ ይሄ ነው።

ደምቢያ የተወለዱት የአክስቴ ባለቤት ከጎን ሆነው ሲሰሙ ቆዩና ስለ ሽምብራ አነሡ። በደምቢያ ጥቁር አፈር ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። አፈሩ በክረምት የያዘው እርጥበት እስከ አጨዳ ያደርሰዋል። “በሐምሌ ብትዘሪው ውሃው ያሰጥመዋል” አሉኝ።

ገንዳውና ሥሮቹ

ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወረድኩ። ከፒያሳ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ጥር 11 ቀን፣ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በተሳበ ውሃ ሞልቶ፣ ወጣቶች ሲዘሉበት ነው። ከበዓሉ በኋላ ውሃው ይለቀቅና ገንዳው ዓመቱን አብዛኛውን ባዶ ሆኖ ይከርማል።

ልጆችዎን ይዘው ከሄዱ ግን ገንዳውን ብቻ አይተው አይመለሱ። ዙሪያውን የከበበውን የድንጋይ አጥር ያሳዩአቸው። የትልልቆቹ ዛፎች ሥር ግንቡ ላይ እንደ ገመድ ወርዶ፣ ድንጋዩን አቅፎ፣ ወደ መሬት ገብቷል። እርጥበት ያለበትን ቦታ ራሱ ፈልጎ ይሄዳል።

በመትከያ ያለ ተክልም እንዲሁ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከተረጨበት ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል። በደንብ ጠጥቶ እስኪደርቅ ከተተወ ግን ውሃውን እየተከተለ ወደ ታች ይወርዳል።

ወለቃ፦ የማይሟሽ ሸክላ

በማግስቱ ወደ ደባርቅ ጉዞ ጀመርን። ከጎንደር ወጣ እንዳሉ መንገዱ ዳር የሚያገኙት መንደር ወለቃ ነው። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ይኖርበት የነበረና በሸክላው የታወቀ ነው። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ቢሄዱም ሸክላው ዛሬም መንገድ ዳር ይሸጣል።

የአበባ መትከያ እንደምፈልግ ለአንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ስነግራቸው ከታች ቀዳዳ ያለው መርጠው ሰጡኝ። “ለአበባ ከሆነ እንዳታሟሺው” አሉኝ።

ድስትና ምጣድ ሲገዛ ይሟሻል፤ ስብና ቅባት ቀዳዳውን ደፍኖ እንዳያፈስ ያደርገዋል። ያልተሟሸ ሸክላ ግን ያልባል። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው፤ በግድግዳው የወጣው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ለአበባ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የበዛው እርጥበት በግድግዳው በኩል ይወጣል። ፕላስቲክ ግን የያዘውን አይለቅም፤ በፕላስቲክ የተተከለውን ተክል ከሸክላው ባነሰ ጊዜ ማጠጣት ይበቃዎታል።

ሸክላ ለማሠራት ካሰቡ ቀዳዳው ሳይተኮስ በፊት እንዲበጅ ይዘዙ። ከተተኮሰ በኋላ ሲበሱት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከወገራ እስከ ስሜን

ከወለቃ በኋላ መንገዱ እየወጣ ይሄዳል። አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ከዚያም ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደባርቅ ትገኛለች። በመስከረም ማለቂያ ወገራ አረንጓዴና ቢጫ ነው፤ ገብሱ ቆሟል፣ አደይ አበባው ዳር ዳሩን ይዟል። መኪናው ዝግ ሲል ማሳውን ልብ ብለው ይመልከቱ። በገብሱና በባቄላው መሀል አግድም የተቀደደ ቦይ ያያሉ። ገበሬው “ፈሰስ” ይለዋል። ሥራው ውሃ ማምጣት አይደለም፤ የበዛውን ማስወጣት ነው። ሰብሉ ውሃ እንዳይተኛበት በበሬ የተቀደደ መውጫ ነው። የአክስቴ ጣሳ ታች በምስማር የተበሳው ቀዳዳም ሥራው ያው ነው።

ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገብተን ሳንካበር ስንደርስ ከፍታው 3,250 ሜትር ገደማ ነበር። ጭላዳዎቹ ሣር ይነጫሉ፤ ልጆች ይህን ማየት ይወዳሉ። እኔ ግን ዓይኔ ጅብራው ላይ ነበር። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ያድጋል፤ አንድ ጊዜ ረጅም አበባ ያወጣና ይሞታል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብና ጉም ሲወርድበት ከርሟል፤ እኔ በረንዳዬ ላይ ካፈሰስኩት ሁሉ ይበልጣል። ግን ውሃው ዳገቱ ላይ አይቆምም፤ በገደሉ ቁልቁል ይሄዳል። ተክልን የሚገድለው የውሃው ብዛት ብቻ እንዳልሆነ እዚያ ገባኝ። የሚገድለው መውጫ አጥቶ የቆመ ውሃ ነው።

ያደርንበት የደባርቅ ማረፊያ መስኮት ላይ ጀራኒየም ነበር። ባለቤትዋን በስንት ቀን እንደምታጠጣው ስጠይቃት ግራ ገባት። “ብርድ ነው፣ መቼ ይደርቃል?” አለችኝ። ያው ተክል ሚያዝያ ላይ ጎንደር ቢሆን ቶሎ ቶሎ ይጠጣ ነበር። ስለዚህ “በሳምንት ሁለት ጊዜ” የሚል ሕግ አይያዙ። ቆላና ደጋው፣ በጋና ክረምቱ፣ ጥላና ፀሐዩ ሕጉን ይለውጡታል። የማይለወጠው ጣትዎ ነው።

እቤትዎ ሲመለሱ

ከዚህ ጉዞ ያገኘሁትን ዛሬውኑ መሞከር ይችላሉ።

መጀመሪያ መትከያዎን ገልብጠው ቀዳዳ እንዳለው ይመልከቱ። ከሌለው በጋለ ምስማር ሦስት አራት ቦታ ይብሱት። ከታች ጠጠር መደርደር ቀዳዳን አይተካም። ከሥሩ ሳህን ካለ ካጠጡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተጠራቀመውን ውሃ ይድፉ።

ጥቁር አፈር ብቻውን አይጠቀሙ፤ ውሃ ይዞ ይቀራል። አሸዋና የተብላላ ፍግ ወይም ብስባሽ ይቀላቅሉበት። ለትንሽ ተክል ትልቅ መትከያ አይምረጡ፤ ሥሩ የማይደርስበት አፈር እርጥብ እንደሆነ ይቆያል።

ሁሉንም ተክል በአንድ ዓይን አይዩ። ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና እሬት በመሀል መድረቅ ይወዳሉ። ናና ግን እርጥበት ይፈልጋል።

የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ፣ ትንንሽ ዝንቦች ከዞሩበት ጣሳውን ያስቀምጡ። ተክሉን በቀስታ አውጥተው ሥሩን ይመልከቱ። የጠቆረውንና የላሸቀውን ቆርጠው ጥለው፣ በአዲስ አፈር ተክለው ጥላ ሥር ያኑሩት። ሥሩ ሁሉ ከተበላሸ ደግሞ ከጤነኛው ጫፍ ቆርጠው አዲስ ያብቅሉ።

የፈረቃው ቀን ሲደርስ በርሜሉንና ጀሪካኑን ይሙሉ። አበባውን የሚያጠጡት ጣትዎ ሲነግርዎ ነው።

የጤና አዳሙን ቁራጮች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አዲስ አበባ አመጣኋቸው። እናቴ የታችኛውን ቅጠል ለቅማ በወለቃው ሸክላ ተከለቻቸው። ሦስቱ ደረቁ፤ ሁለቱ ያዙ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ እንደ ልማዷ ጣሳ ይዛ መጣች። እናቴ እጇን ይዛ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተችው።

“ምን ይላል?”

“እርጥብ ነው፣ አያቴ።”

“እንግዲያው ነገ ጠይቂው።”

ከዚያ ነጠላዋን ለበሰችና ዘንቢሏን አነሣች። ሾላ ገበያ መሄዷ ነው። “ቆይ ልሸኝሽ” ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። ከበረንዳው ሆኜ ደረጃውን ጨርሳ በግቢው በር ስትወጣ አየኋት።